የሐይቅ ዳር መንደርን ታሪክና መልክዓ ምድር አጥንቶ ለመጻፍ፦ ጎርጎራ እንደ ማሳያ

ጎርጎራ በጣና ሰሜናዊ ዳርቻ፣ ከጎንደር ከ60 ኪሎ ሜትር ትንሽ አለፍ ብላ ትገኛለች። ስለ እሷ የተጻፉ አጫጭር ጽሑፎች አብዛኞቹ አንድ ችግር ይጋራሉ፦ የአፄ ሱስንዮስን ቤተ መንግሥት፣ የደብረ ሲና ማርያምን ሥዕልና የመርከቡን ወደብ አንድ ግቢ ውስጥ ያሉ አስመስለው ይደባልቋቸዋል። ሐይቁን ደግሞ ሁሌም በአንድ ቦታ እንደቆመ ውሃ ይቆጥሩታል። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው የአካባቢውን ታሪክና መልክዓ ምድር አጥንቶ መጻፍ ለሚፈልግ አስተማሪ፣ ተማሪ ወይም የመንደሩ ተወላጅ ነው። ማሳያችን ጎርጎራ ትሁን እንጂ አካሄዱ ለዝዋይም ለሐይቅ እስጢፋኖስ ዳርም ይሠራል። ዓመተ ምሕረቶቹ በኛ አቆጣጠር ናቸው፤ በፈረንጅ የሆኑት ላይ እ.ኤ.አ. ብለናል።

ለሥራው ብዙ ዕቃ አያስፈልግም። ባለ 1፡50,000 የመሬት ገጽታ ካርታ፣ ጂፒኤስ ያለው ስልክ፣ 50 ሜትር የሚደርስ ሜትር፣ በየ10 ሳንቲ ሜትር ቀለም የተቀባ የ2 ሜትር ዘንግ፣ ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተርና እርሳስ ይበቃል። እስክሪብቶ አትያዙ፤ ጀልባ ላይ ውሃ ከነካው ይፈሳል። ጉዞው ግን ቢያንስ ሁለት መሆን አለበት፦ አንዱ በመስከረም መጨረሻ ወይም በጥቅምት ሐይቁ ሞልቶ ሳለ፣ ሌላው በግንቦት መጨረሻ ወይም በሰኔ መጀመሪያ ውሃው ሲሸሽ። አንድ ጊዜ ብቻ ሄዶ የጻፈ ሰው ግማሹን መንደር አላየም።

ቦታውን መለየት

የመጀመሪያው ሥራ ስሙ የትኛውን ቦታ እንደሚይዝ ማወቅ ነው። ዛሬ ጎርጎራ የሚባለው ወደቡና ደብረ ሲና ማርያም ያሉበት ከተማ ነው። የሱስንዮስ ዘመን ሕንፃ የሆነው የማርያም ግንብ ፍርስራሽ ያለው ግን ከወደቡ በስተ ምዕራብ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ወደ ሐይቁ በገባ ሌላ መሬት ላይ ነው። ነገሩን የሚያወሳስበው ደግሞ ሌላ አለ፦ አስጎብኚዎች ዛሬ «አሮጌ ጎርጎራ» የሚሉት ይኸው ፍርስራሽ፣ በ17ኛው መቶ ዘመን ኢየሱሳውያን የተባሉ የካቶሊክ ሚሲዮናውያን በደብዳቤያቸው «አዲሲቱ ጎርጎራ» ብለው የጻፉት ነው። እነሱ «አሮጌዪቱ» ያሉት ከዚያ የቀደመ ሌላ ሰፈር ነበር። ይህን ሳያውቅ የተረጎመ ጸሐፊ ዓመቱንም ሕንፃውንም ያዛውራል፤ ደጋግሞም ሆኗል።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት የስም መዝገብ ክፈቱ። ለእያንዳንዱ ስም አራት ነገር ይጻፍበታል፦ ነዋሪው ዛሬ ምን ይለዋል፣ በጽሑፍ እንዴት ተጠርቷል፣ የጽሑፉ ዘመን መቼ ነው፣ በጂፒኤስ የት ላይ ይውላል። ወደቡ በግምት 12°14′ ሰሜን፣ 37°18′ ምሥራቅ ላይ ነው። ኮረብታውን፣ የውሃ መቅጃውን፣ የታንኳ ማቆሚያውን፣ የእያንዳንዱን ቤተ ክርስቲያን ቦታ ሁሉ መዝግቡ። ሰላሳ አርባ ስም በቀላሉ ይገኛል፤ ብዙዎቹ በየትኛውም ካርታ ላይ የሉም።

የቆዩትን የመንግሥት ካርታዎች ስትጠቀሙ አንድ ወጥመድ አለ። ባለ 1፡50,000 ካርታዎቹ የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው የልኬት መነሻ ነው፤ ስልካችሁ ደግሞ በሌላ መነሻ ይሠራል። በሁለቱ መካከል በዚህ አካባቢ ከመቶ ሜትር በላይ ልዩነት ይመጣል። ካርታው ላይ 1 ሳንቲ ሜትር 500 ሜትር ስለሆነ ስሕተቱ ወረቀቱ ላይ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ዓይን አይዘውም፣ ዳርቻ ላይ ያለውን ቤት ግን ሐይቅ ውስጥ ይከተዋል። መፍትሔው በካርታውም በመሬቱም ላይ የማይሳት አንድ ነጥብ፣ ለምሳሌ የመንገድ መጋጠሚያ፣ መርጦ ልዩነቱን መለካትና ሌሎቹን ነጥቦች በዚያው ልክ ማረም ነው።

አስተዳደሩም ተቀያይሯል። ጎርጎራ የደምቢያ ምድር ናት፤ የ1999 ቆጠራ ሲካሄድ ደምቢያ ወረዳ በሰሜን ጎንደር ዞን ሥር ነበረ፣ በኋላ ዞኑ ሲከፈል አካባቢው ወደ ማዕከላዊ ጎንደር ገብቷል። የ1976ን፣ የ1987ንና የ1999ን ቆጠራዎች አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ «ሕዝቡ በዚህ ያህል አደገ» ማለት የሚቻለው የቀበሌው ወሰን እንዳልተነካ ከተረጋገጠ ብቻ ነው። የከተማው ቀበሌና በዙሪያው ያለው የገጠር ቀበሌ አንድ ስም ሲጋሩ ቁጥሩ በእጥፍ ሊሳሳት ይችላል።

ውሃውን መለካት

ብዙ ሰው ታሪኩን ይጀምርና መልክዓ ምድሩን እንደ መግቢያ ሁለት አንቀጽ ይሰጠዋል። የሐይቅ ዳር መንደር ላይ ይህ የተገለበጠ ነው። ቤቱ የት እንደሚሠራ፣ ምን እንደሚዘራ፣ መርከቡ መቼ እንደሚቆም የሚወስነው ውሃው ስለሆነ መነሻው እሱ ነው።

ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,786 ሜትር ያህል ላይ የተኛ፣ ወደ 84 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 66 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ሐይቅ ነው። በዚህ ሁሉ ስፋት ጥልቀቱ ከ14 እና 15 ሜትር አይበልጥም፤ አማካዩ ከዘጠኝ ሜትር አይዘልም። ሐይቁ የተፈጠረው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የዓባይን መውጫ በመገደቡ ነው። ከሐይቁ ወለል የተወሰደው ደለል እንዳሳየው ከ16,000 ዓመት ግድም በፊት ጭራሽ ደርቆ ነበር። ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ትንሽ ሲጎድል ብዙ ይሸሻል። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ዳርቻው በየ500 ሜትሩ 1 ሜትር ብቻ የሚያዘቀዝቅ ከሆነ ውሃው 1 ሜትር ሲወርድ ዳሩ ግማሽ ኪሎ ሜትር ይርቃል። ሐይቁ በተለመደ ዓመት ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ከፍና ዝቅ ስለሚል ለጥ ባለው የደምቢያ ዳርቻ ላይ «የሐይቁ ዳር» የሚባል ቋሚ መስመር የለም። ካርታችሁ ላይ ሁለት መስመር ስሉ፣ አንዱን የጥቅምት፣ ሌላውን የሰኔ።

አለካኩ እንዲህ ነው። የማይነቃነቅ ነገር ምረጡ፤ የወደቡ ድንጋይ ወይም ኮንክሪት ጠርዝ ይሻላል። ጠርዙ ላይ አንድ ነጥብ ምልክት አድርጉና ከዚያ ወደ ታች እስከ ውሃው ያለውን በሜትር ለኩ። በሳምንት አንድ ቀን፣ ሁሌ ጠዋት፣ ነፋስ ሳይነሳ ይሁን። ከሰዓት በኋላ ጣና ላይ ነፋስ ይበረታል፣ ውሃውንም ወደ አንድ ዳር ስለሚገፋው ልኩ ሐሰት ይሆናል። ሞገዱ ከፍ ሲልና ዝቅ ሲል ሦስት ጊዜ አንብባችሁ አማካዩን ጻፉ። ይህን ራሳችሁ ማድረግ የለባችሁም፤ የመንደሩ ተማሪ ደብተር ይዞ ዓመቱን ሙሉ ሊሠራው ይችላል። ስልኩ የሚያሳየውን ከፍታ ግን ለዚህ አትጠቀሙበት፤ አሥር ሜትርና ከዚያ በላይ የሚሳሳት መሣሪያ የአንድ ሜትር ተኩል ለውጥ አይለካም። ልካችሁን ባሕር ዳር ላይ ከ1950ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ ከተያዘው የሐይቁ ከፍታ መዝገብ ጋር ማስተያየት ይቻላል፤ መዝገቡን የሚይዘው የውሃ ሚኒስቴሩ ነው።

ከዚያ የለውጡን ምክንያት ጻፉ። እዚህ ላይ ዓመታቱ ወሳኝ ናቸው። በ1988 የዓባይ መውጫ ላይ ጨረጨራ የተባለው መቆጣጠሪያ ተሠራ፤ መጀመሪያ ሁለት በር ነበረው፣ በኋላ አምስት ተጨመሩለት። ከዚያ ወዲህ የሐይቁ ከፍታ በዝናብ ብቻ ሳይሆን ለመብራት በሚለቀቀው ውሃም የሚወሰን ሆነ። በ1995 ድርቁና የሚለቀቀው ውሃ ተደርበው ሐይቁ በመዝገብ ከታየው ሁሉ ዝቅ አለ፤ መርከብ ተቸገረ፣ ገበሬውም የሐይቁን ወለል አረሰ። በ2002 ደግሞ ጣና በለስ ሥራ ጀመረ፤ ውሃው በደቡብ ምዕራብ ዳርቻ፣ ቁንዝላ አጠገብ፣ በዋሻ ተወስዶ 460 ሜጋ ዋት ያመነጫል። ጎርጎራ ከሁለቱም ሥራዎች ርቃ ብትገኝም ለውጡ ደጃፏ ድረስ ይመጣል። «በአባቶቻችን ጊዜ ውሃው እዚህ ድረስ ነበር» የሚል ሰው ስታገኙ መጀመሪያ የሚጠየቀው ከጨረጨራ በፊት ነው ወይስ በኋላ የሚለው ነው።

መሬቱን መቁረጥ

ከውሃው ጀምራችሁ ወደ ላይ፣ ኮረብታው ጫፍ ድረስ፣ በቀጥታ መስመር ሂዱ። በየ100 ሜትሩ ቁሙና አምስት ነገር መዝግቡ፦ አፈሩ፣ ዕፅዋቱ፣ የሚዘራው፣ የመሬቱ ተዳፋት፣ ያለው ግንባታ። ሁለት ኪሎ ሜትር እንዲህ ለመሄድ ግማሽ ቀን ይወስዳል። ሦስት መስመር ይበቃል፤ አንዱ በወደቡ፣ አንዱ በሜዳው፣ አንዱ በቤተ ክርስቲያን ደን በኩል።

ዳሩ ላይ ደንገልና ፊላ ታገኛላችሁ፤ ወይም በቦታው እምቦጭ። እምቦጭ ጣና ላይ ጎልቶ የታየው ከ2004 ገደማ ወዲህ ሲሆን በመገጭ ወንዝ አፍ ያለውን ሰሜን ምሥራቁን ይበልጥ አጥቅቷል። ነፋስና ሞገድ ስለሚነዳው ዛሬ የሞላበት ቦታ ነገ ባዶ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ «እምቦጭ አለ» ብቻ ብላችሁ አትለፉ፣ ቀኑንና የሸፈነውን ስፋት በእርምጃ ጻፉ። ከዳሩ ቀጥሎ ውሃ የሚሸሽበት ሜዳ ይመጣል፤ ውሃው በሄደ ቁጥር ተከትሎ ሽምብራና ጓያ የመሳሰለው በቀሪው እርጥበት ይዘራበታል። ከዚያ በላይ የደምቢያ ዋልካ ነው፦ በክረምት እግር የሚይዝ፣ በበጋ የሚሰነጠቅ ጥቁር አፈር። ስንጥቁ ላይ ዘንጋችሁን አስገብታችሁ ጥልቀቱን ለኩ። ቤቶች ለምን ኮረብታውና ድንጋያማው ላይ እንደተሰበሰቡ የሚያስረዳው ይህ ነው፤ ዋልካ ላይ የቆመ ግድግዳ በየክረምቱ ይናወጣል።

ከወንዞቹ መገጭንና ድርማን አትርሱ። ጣናን የሚሞሉት ዋናዎቹ ግልገል ዓባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ ናቸው፤ ለሰሜኑ ዳርቻ ግን የመገጭ ደለል ከሁሉም በላይ ይታያል።

ዘመኑን ማስተካከል

አሁን ወደ ታሪኩ። ለጎርጎራ ትልቁ ዘመን የአፄ ሱስንዮስ ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ1607 እስከ 1632። ለዚህ ዘመን ሁለት ዓይነት ጽሑፍ አለ፦ የንጉሡ ዜና መዋዕልና ሚሲዮናውያኑ ለአለቆቻቸው የላኩት ደብዳቤና ታሪክ። ሁለቱም ወገንተኞች ናቸው። ዜና መዋዕሉ የቤተ መንግሥቱን ሥራ ያጎላል፤ ደብዳቤዎቹ ደግሞ ገንዘብና ሰው እንዲላክላቸው የሚጽፉ ሰዎች ናቸውና የራሳቸውን ሕንፃ ያገንናሉ። አንዱ ስለ ሌላው ዝም ያለበትን ቦታ ማስታወሻ ያዙ፤ ጥሩ ጥያቄ የሚወጣው ከዚያ ነው።

የዘመን ስሕተት የሚበዛው ስትገለብጡ ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ድረስ ከፈረንጁ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ይቀነሳል። ይህን ሁሉም ያውቃል። የማይታወቀው የቀኑ ነው፦ የዛሬው መስከረም 1 በፈረንጅ ሴፕቴምበር 11 ይውላል፣ በ17ኛው መቶ ዘመን ግን ሴፕቴምበር 8 ነበር፤ ከዘመነ ሉቃስ ማግስት 9። ልዩነቱ በየመቶ ዓመቱ ማለት ይቻላል በአንድ ቀን ስለሚሰፋ የዛሬን ሰንጠረዥ ወስዶ የሱስንዮስን ቀን የቀየረ ሰው ሦስት ቀን ይስታል።

ግዕዝ ጽሑፍ ዓመተ ምሕረቱን ሳይጽፍ «በዘመነ ማርቆስ» ብቻ ብሎ ሊያልፍ ይችላል። ማረጋገጫው ይህ ነው፦ በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5,500 ጨምሩና ለ4 አካፍሉ። ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ያለ ቀሪ ከተካፈለ ዮሐንስ ነው። ሱስንዮስ ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ የለቀቁት በሰኔ 1624 ነው፤ 7,124 ለ4 ሲካፈል ቀሪ የለውም፣ ዘመነ ዮሐንስ። ግንበኛ ጭምር የነበሩት ስፔናዊው ቄስ ፔድሮ ፓኤዝ ጎርጎራ ላይ ያረፉት በግንቦት 1614 ነው፤ 7,114 ቀሪው 2፣ ዘመነ ማርቆስ። ወንጌላዊው ብቻውን ግን አይበቃም፣ በሱስንዮስ ዘመን ውስጥ ብቻ ስድስት ማርቆስ ሊኖር ይችላል። ወርና ቀኑ ከሳምንቱ ዕለት ጋር ከተጻፈ ግን ጥምረቱ የሚደገመው በ28 ዓመት አንድ ጊዜ ስለሆነ ዓመቱ ይያዛል።

ጎርጎራ ለምን ተተወች የሚለው ላይ አንድ ምክንያት ብቻ አትምረጡ። የንጉሡ ካቶሊክ መሆን፣ የተከተለው ደም መፋሰስ፣ የ1624ቱ መልቀቅ፣ የሚሲዮናውያኑ መባረር፣ ከዚያም ፋሲለደስ በ1628 ጎንደርን መቆርቆራቸው ተያይዘው የመጡ ናቸው። ደግሞም ሱስንዮስ ራሳቸው ቀደም ሲል ደንቀዝን ከትመው ነበር፤ የዚያ ዘመን ቤተ መንግሥት በክረምት አንድ ቦታ፣ በበጋ በዘመቻ ነው።

ድንጋይና ማጣበቂያ

ፍርስራሽ ስታዩ ዘመኑን በግምት ከመናገር በፊት ድንጋዩን የያዘውን ነገር ተመልከቱ። በዚህ አካባቢ ሦስት ዓይነት ታገኛላችሁ። ጭቃ ከሆነ ከየትኛውም ዘመን ሊሆን ይችላል፣ ምንም አይነግራችሁም። ኖራ ከሆነ ከ1610ዎቹ ማለቂያ (እ.ኤ.አ. ከ1620ዎቹ) በፊት የመሆኑ ዕድል ጠባብ ነው፤ የኖራ ድንጋይ አገር ውስጥ ተገኝቶ ለግንባታ የዋለው ያኔ እንደሆነ የዘመኑ ሚሲዮናውያን ጽፈዋል፣ ያገኘውም ከሕንድ የመጣ ባለሙያ ነው ይላሉ። የማርያም ግንብ በኖራ የተገነባና ጌጥ የተቀረጸበት ድንጋይ ያለው ነው። ፓኤዝ ከዚያ ቀደም ብለው እ.ኤ.አ. በ1614 ለንጉሡ ሠሩት የሚባለው ባለ ፎቅ ቤት በኖራ ሊሆን እንደማይችል ከዚህ ትረዳላችሁ። ሦስተኛው ሲሚንቶ ነው፦ ጣልያን ወይም ከዚያ በኋላ። የቆየ ኖራ ነጣ ያለ፣ በጥፍር ሲጫር ዱቄት የሚል ነው፤ ሲሚንቶ ግራጫና ደረቅ ነው። አሮጌ ግንብ በሲሚንቶ የተጠገነበትን ስፍራ ለይታችሁ ሳሉት፣ አለዚያ ቀጣዩ ጸሐፊ ጥገናውን ታሪክ ያደርገዋል።

ቁራሽ ማንሳት፣ መቆፈር፣ ግድግዳ መፋቅ አይቻልም። ቅርስን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ ፍለጋና ቁፋሮን ይከለክላል። የሚያስፈልጋችሁ ፎቶ ነው፦ አንድ ከሩቅ፣ አንድ የግድግዳው ሙሉ ገጽ፣ አንድ የቀለሙ ዘንግ አጠገቡ ቆሞ ከቅርብ። ጠዋት ወይም ሲመሽ አንሱ፤ ጎን የመጣ ብርሃን የድንጋዩን ቅርጽ ያወጣል፣ የቀትር ፀሐይ ይደፍነዋል። እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2014 የስፔን አርኪዮሎጂስቶች በጎርጎራ፣ በአዘዞና በደንቀዝ ያሉትን የሚሲዮን ፍርስራሾች አጥንተዋል፤ የእናንተ ልኬት ከነሱ ፕላን ጋር ከተጋጨ መጀመሪያ የራሳችሁን ሜትር ተጠራጠሩ።

ደብረ ሲናና መዝገቦቹ

ደብረ ሲና ማርያም ክብ ቤተ ክርስቲያን ናት፤ ትውፊቱ ምሥረታዋን ወደ አፄ ዓምደ ጽዮን ዘመን፣ ወደ 14ኛው መቶ ዘመን ይወስዳል። የመቅደሱ ሥዕሎች ግን የ17ኛው መቶ ዘመን ናቸው፤ ከፋሲለደስ እኅት ከመላኮታዊት ስም ጋር ይያያዛሉ። የደብሩ ዕድሜ፣ ዛሬ የቆመው ሕንፃ ዕድሜና የሥዕሉ ዕድሜ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ክብ የሣር ክዳን ቤት በየጊዜው ይታደሳል፤ «የ700 ዓመት ሕንፃ» ብሎ መጻፍ ደብሩን ማክበር አይደለም።

አካሄዱ ሥርዓት አለው። መጀመሪያ አለቃውን ወይም ቄሰ ገበዙን አግኙ፣ ከወረዳው የቤተ ክህነት ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ይዛችሁ ብትመጡ ደግሞ ሥራው ይቀላል። በጾምና በቅዳሴ ሰዓት አትሂዱ። ብራና የሚገልጡት እነሱ ናቸው፤ እናንተ ከአጠገብ ሆናችሁ ታነባላችሁ፣ ያለ ፍላሽ ታነሳላችሁ። የሚፈለገው የመጽሐፉ ዋና ጽሑፍ ሳይሆን በዳርቻውና በባዶ ቅጠሉ ላይ ያለው ነው፦ የጉልት ስጦታ፣ የመሬት ውል፣ የንዋየ ቅድሳት ዝርዝር። የመንደር ስም፣ የምስክር ስም፣ የግብር መጠን የሚገኘው እዚያ ነው። በዚያው ጉዞ ከጎርጎራ በጀልባ የሚደረስባቸውን መንደባ መድኃኔ ዓለምንና ሌሎቹን ገዳማት ማየት ይቻላል። ሴቶች የማይገቡባቸው ስላሉ ቀድሞ መጠየቅ ነው።

ከሰው መስማት

የቃል ታሪክ የሚበላሸው በጥያቄው ነው። «ጎርጎራ መቼ ተመሠረተች?» ብላችሁ ብትጠይቁ የምትሰሙት ከትምህርት ቤት የተማሩትን ነው። «አባባ፣ እርስዎ ልጅ ሳሉ ከብት ውሃ የሚጠጣው የት ነበር?» በሉ። መልሱን በጣታቸው ያሳዩዋችኋል፣ እናንተም ጂፒኤሱን ትይዛላችሁ።

ዘመን ለማስያዝ ሁሉም የሚያስታውሳቸውን ክስተቶች በተራ አንሱ፦ ጣልያን የገባበት 1928፣ በ1950 መጨረሻና በ1951 መጀመሪያ አገሩን የጨረሰው ወባ፣ መሬት ለአራሹ የታወጀበት የካቲት 1967፣ የ1977 ረሃብ፣ ደርግ የወደቀበት ግንቦት 1983፣ ውሃው የሸሸበት 1995። ያኔ ምን ይሠሩ እንደነበር ጠይቁ፤ «ላም እጠብቅ ነበር»፣ «ክርስትና አንስቼ ነበር» የሚል መልስ ዕድሜውንም ያስተካክላል። የጣልያንን ጊዜ ስትጽፉ ተጠንቀቁ። አዲስ አበባ ላይ ነፃነት የሚቆጠረው ከሚያዝያ 27፣ 1933 ነው፤ ጎንደር ያለው የጣልያን ጦር ግን እጁን የሰጠው ኅዳር 18፣ 1934 ነው። ከዚያ አካባቢ የሆነ ሽማግሌ «በ34 ጣልያን ነበረ» ቢል አትረሙት።

ለእያንዳንዱ ነገር ቢያንስ ሁለት የማይዛመዱ ምስክሮች ያስፈልጋሉ፤ ወንድማማቾች እንደ አንድ ይቆጠራሉ። ከቄሱና ከሽማግሌው ሌላ አሳ አስጋሪውን፣ ጠላ ሻጯን፣ መርከብ ላይ የሠራውን አትዝለሉ። ነገደ ወይጦዎችን በተለይ ጠይቁ፤ ታንኳ የሚሠሩት፣ ደንገል የት ይበቅል እንደነበርና መቼ እንደጠፋ የሚያውቁት እነሱ ናቸው፣ በመንደር ታሪኮች ውስጥ ግን ስማቸው ከአንድ መስመር አያልፍም። ደምቢያ የቤተ እስራኤልም አገር ነበር። ከመንደሮቹ አብዛኛው ሰው በ1977ና በ1983 ወደ እስራኤል ስለሄደ፣ የአንዳንድ ሰፈር የመጨረሻ አዋቂዎች ዛሬ ያሉት እዚያ ነው። በስልክ ቃለ መጠይቅ ይሠራል፤ የሳላችሁትን ካርታ ቀድማችሁ ላኩላቸውና የቦታ ስሞቹን እነሱ ይሙሉት።

ኑሮውን መመዝገብ

ታንኳውን፣ አሳውንና መርከቡን ለየብቻ ያዙ። የደንገል ታንኳ ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ዕድሜው ከጥቂት ሳምንታት እስከ ጥቂት ወራት ነው፤ ርዝመቱን፣ የእስሩን ብዛት፣ ማን እንደሠራውና ደንገሉ ከየት እንደመጣ ጻፉ። አሳው በሦስት ይከፈላል፦ ቀረሶ፣ አምባዛ፣ ነጭ አሳ። ነጭ አሳ የሚሉት ውስጥ አሥራ አምስት ያህል በሌላ የዓለም ውሃ የማይገኙ ዝርያዎች አሉ። በክረምት ማለቂያ፣ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት፣ ብዙዎቹ ለመራባት ወደ ወንዞቹ ይወጣሉ፤ ወንዝ አፍ ላይ መረብ የሚዘረጋውም ያኔ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ገብቶ ዝርያዎቹን አመናመናቸው። አስጋሪውን ስትጠይቁ የመረቡን ቀዳዳ በጣት አስለኩ፤ «ትንሽ መረብ» ለአንዱ 6፣ ለሌላው 10 ሳንቲ ሜትር ነው።

መርከቡ ለብዙ ዓመታት ከባሕር ዳር በሳምንት አንድ ጊዜ ተነስቶ ዘጌን፣ ደቅን፣ ቁንዝላንና ደልጊን እየነካ፣ መንገድ ላይ አድሮ ጎርጎራ ይገባ ነበር። የመርከቡ ቀን ከመንደሩ ገበያ ቀን ጋር እንዴት እንደተያያዘ፣ ከጎንደር በአዘዞ፣ በቆላ ድባና በጯሂት በኩል የሚመጣው መንገድ ሲሻሻል የትኛው ንግድ ከውሃ ወደ መኪና እንደዞረ ጠይቁ። በ2012 መጨረሻ ገበታ ለሀገር ሲጀመር ጎርጎራ ከተመረጡት ሦስት ቦታዎች አንዷ ነበረች፤ ከዚያ ወዲህ የዳርቻው መሬት አያያዝ ተለውጧል። የቀድሞውን ዳርቻ የሚያሳይ የቤተሰብ ፎቶ ካገኛችሁ ከጀርባው ያለውን ኮረብታ አስተያይታችሁ ያው ቦታ ላይ ቆማችሁ ዳግም አንሱት።

ማዘጋጀትና ማስቀመጥ

ስትጽፉ እያንዳንዱን አባባል በሦስት ደረጃ መድቡ። ራሳችሁ የለካችሁት ወይም በዘመኑ ጽሑፍ ያለ ከሆነ በቀጥታ «ነው» በሉ። ሁለት ነፃ ምስክር ያለው «ነዋሪዎች እንደሚሉት» ይሁን። አንድ ሰው ብቻ ያለው ወይም ትውፊት የሆነው «ይባላል»። ሦስቱን ማደባለቅ ቀላል ነው፣ በተለይ ትውፊቱ ሲያምር። ምስክሮቻችሁ ስማቸው እንዲወጣ መፍቀዳቸውን ጠይቁ፤ የመሬት ጉዳይ ያነሱትን ግን ቢፈቅዱም ስማቸውን ባታወጡ ይሻላል።

ሃያ ገጽና አንድ ካርታ ለአንድ መንደር በቂ ነው። ካርታው ላይ የሁለቱን የውሃ መስመሮች ልኬት ቀን፣ የሰሜን ቀስትና የመለኪያ መስመር መኖሩን አረጋግጡ፤ «1፡10,000» ብሎ መጻፍ ብቻ ዋጋ የለውም፣ ፎቶ ኮፒ ሲደረግ ይለወጣል። አራት ቅጂ በወረቀት አትሙ፦ ለደብሩ፣ ለትምህርት ቤቱ፣ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም፣ ለጎንደር ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት። የስም መዝገቡንና የሳምንቱን የውሃ ልኬት ደብተር ከመጨረሻው ገጽ ጋር አብራችሁ ጠርዙት፤ ወደቡ ጠርዝ ላይ የቀባችሁትን ምልክት ደግሞ ፎቶ አንስታችሁ፣ ከየትኛው ማዕዘን ስንት ሜትር እንደሚርቅ ጽፋችሁ አስገቡ። ጠርዙ ቢታደስ ወይም ቢፈርስ ቀጣዩ ሰው ልኬቱን ከዚያ ይቀጥላል።